በዋሻው አፍ የቀሩ ድንጋዮች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ሳይሆን ስልክ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ በኋላ፣ በወሎ አንድ መንደር ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ይማም፣ ዘሀራ እና አወል። ከመንደሩ ጥግ ወንዝ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍበት ዋሻ አለ። ወንዙ ክፉ ነው። እዚህ ፀሐይ እያለ፣ ተራራው ማዶ የዘነበ ዝናብ ድንገት ዋሻውን ይሞላዋል። ስለዚህ የአገሬው ሰው ሲገባ አንድ ድንጋይ በዋሻው አፍ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ያነሳል። ድንጋይ ከቀረ ሰው ቀርቷል ማለት ነው።

ዘሀራ የጉዞ ብሎግ ነበራት። ስለ ዋሻው ጻፈች፤ የድንጋዩንም ወግ አሳምራ ጻፈች። እንግዳው ጎረፈ። መንደሩ መንገድ ተጠረገለት፤ ለስደት ሻንጣ ያሰረ ጎረምሳ ሁሉ ፈትቶ አስጎብኚ ሆነ። እንግዳ ግን ድንጋይ ማስቀመጥ ወደደ እንጂ ማንሳት አልወደደም። «ማስታወሻዬ ይሁን» እያለ ትቶት ይሄዳል። ክምሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ዘሀራ ፎቶውን ለጠፈችው፤ ከዋሻው ይልቅ ክምሩ ዝነኛ ሆነ።

ይማም «ተይ እህቴ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» ቢላት፣ «አንተን ደግሞ የማያስፈራህ ምን አለ?» ብላ ሳቀችበት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?

አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከዋሻው ሆድ የወፍጮ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። እንግዶቹ እየተጋፉ ወጡ።

«ሁላችሁም ወጥታችኋል?» አለ ይማም።

እርስ በርስ ተያዩ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ማን ማንን ያውቃል? ሁሉም ዞሮ ክምሩን አየ። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ የዛሬው የትኛው ነው? ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ዘሀራ ስልኳን አወጣች። እንግዶቹ ጠዋት ለብሎጓ የላኩላትን ፎቶ እያገላበጠች፣ ፊታቸውን ከፎቶው ጋር አስተያየች። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ፎቶው ላይ አለች፤ ደጅ የለችም። «ሴትዮዋ ውስጥ ናት!» ብላ ጮኸች። ያለ ዘሀራ ማንም አያውቅም ነበር።

ይማም ሽቅብ ሮጠ። ወንዙ ወደ ዋሻው ከመግባቱ በፊት የእሱን የማሽላ ማሳ ይታከካል። ማሳውን የሚጠብቀውን የአፈር ግድብ በዶማ ናደው። ጎርፉ ወደ ማሳው ዞሮ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ፣ የልጆቹን የዓመት ቀለብ፣ ጠራርጎ ወሰደው። ዋሻው ውስጥ ከራስ በላይ የነበረው ውኃ ግን ወደ ደረት ወረደ።

አወል ወገቡን በገመድ አሰረ። «እንዳትለቁኝ» አለና ገባ። መብራቱ ውስጥ ጠፋበት። በጨለማው ልቅሶዋን እየተከተለ ደረሰባት፣ አዝሏት ወጣ። ከዚያ በኋላ ለቀናት አፉን አልከፈተም።

መንደሩ ለዋሻው የብረት በር አሠራ። ቁልፉ አንድ ነው። ሽማግሌው አያ እንድሪስ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ለመወሰን ሦስቱን ጠሩ።

ዘሀራ አለች፦ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የማርመውም እኔ ነኝ። አደጋውን ጭምር እጽፋለሁ። ከተዘጋ ልጆቻችን ተመልሰው ይሰደዳሉ፤ ስደትስ አይገድልም?»

ይማም አለ፦ «አያ እንድሪስ፣ ለእኔ ይስጡኝ። ለዘላለም እቆልፈዋለሁ። የሚቀጥለውን ለማዳን ሌላ ማሽላ የለኝም።»

አወል ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ያን ቀን የሰማሁት ልቅሶ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ፎቶ ያልላከ ሰውስ ቢኖር? ቁልፉን ይስጡኝ፤ ውኃው ሲጎድል መጀመሪያ እኔ ገብቼ ልፈልግ።»

ዘሀራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ እንድሪስ ክምሩን አዩና ቁልፉን በመዳፋቸው ጨበጡት። እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጡም፤ ድንጋዮቹም እዚያው ናቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?