ዋስ ያለው አህያ

ተረት ተረት በሉኝማ!

ኤሊ መራመድ ሰልችቷት፣ ያገለገለ አህያ በርካሽ ልትገዛ ደላላው ጦጣ ዘንድ ሄደች። ጠንቃቃ ናትና የአህያውን ጥርስ አየች፤ ሰኮናውንም አንኳኳች።

«አንተን አምኜ እንዴት ልግዛ?» አለችው።

«ልክ ነሽ፣ እኔን አትመኚ፤ ዋስ እጠራልሻለሁ» ብሎ ጅብን አመጣላት።

ጅብ ደረቱን እየመታ፣ «ይሄ አህያ መንገድ ላይ ቢወድቅ፣ የትም ይሁን የት፣ ከማንም ቀድሜ እደርሳለሁ!» አለ።

ኤሊ በዋሱ ደስ ብሏት አመስግና ገዛች።

አህያው ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ተዘረረ። ጅብም እንደ ቃሉ ከማንም ቀድሞ ደረሰ። አህያውን ከነሰኮናው ጨርሶ አፉን እየጠራረገ፣ «ሌላ ስትገዢም ጥሪኝ፤ እኔ ቃሌን አላጥፍም» አላት።

ተረቴን ውሰዱ፤ ዋስ ግን አትጠይቁኝ።