የሐጂ ጦይብ አሮጌ መኪና

መስጂዷ ከቤቶቿ ሁሉ በዕድሜ በሚበልጥባት፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የቆየች ከተማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በጉልበታቸው ዘመን ቅመም ይነግዱ ነበር። ሲያረጁ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ለራሳቸው ያስቀሩት አንዲት ባለሸራ አሮጌ መኪና ነው። መኪናዋን ለክብር ብለው አልያዟትም። ከተማይቱ ሐኪም ቤት የላትም፤ ሐኪም ቤቱ ያለው ከሸለቆው ማዶ፣ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ በሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሕመም የበረታበት ወይም ምጥ የጠናባት ሲኖር ሰው ወደ ሐጂ ጦይብ በር ይሮጣል። እርሳቸውም ዐይናቸው ደክሞ መንዳት ከተዉ ወዲህ ቁልፉን መንዳት ለሚችል ሰው ይሰጣሉ እንጂ አንድም ቀን አመንትተው አያውቁም።

ይማም የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ኋላ ግን ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ፣ ክረምት ሲገባ ያለውን አንድ በሬ ከሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ቁራሽ መሬቱን እያረሰ ይኖራል። ሚስቱ ሙነያ ከሰባት ዓመት ዱዓ በኋላ አረገዘች። ቀኗ ደርሶ ምጧ በፈጅር ቢጀምር እስከ ዙህር ሳትገላገል ቀረች። አዋላጇም ነገሩ ከዐቅሟ በላይ መሆኑን ተናገረች። ይማም ወደ ሐጂ በር ሮጠ። ሐጂም ወሬውን ሳያስጨርሱት ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቢስሚላህ ብለህ ሂድ ብለው ሰደዱት።

ቁልቁለቱን በደህና ወረደ። ዳገቱን ሲያጋምስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ ዘለቀች፤ ጥቂት ቆይቶም ከፊት እንፋሎት ይተን ጀመር። ይማም የድሮ ሾፌር ነውና ትርጉሙ አልጠፋውም። እዚያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ውሃ መጨመር ነበረበት። ወደ ኋላ ዞር ቢል ሙነያ ማቃሰቱንም ትታ ዐይኗን ከድናለች። የሐጂ መኪና አማና፣ አደራ ናት፤ የሙነያም ነፍስ አማና ናት። ሁለቱን በልቡ መዘነና እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ ነዳ።

መኪናዋ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነጭ ጭስ ተፍታ ቆመች። ሙነያ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም ማትረፍ እንደማይችል ነገረው። ይማም በግንባሩ ተደፍቶ ጌታውን አመሰገነ። ቀና ሲል ግን በመስኮቱ የታየችው ያችው የቆመች መኪና ነበረች።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ተመለሰች። የከተማው መካኒክ አወል ፈታትቶ አያት። በሞተሩና ቴስታታ በሚሉት ክዳኑ መካከል ያለው ስስ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ወተት የገባበት ሻይ መስለዋል፤ ቴስታታውም በግለት ተጣምሟል። አወል ሐጂን ስለሚወዳቸው እውነቱን ነገራቸው። መኪናዋ አርጅታለች፤ ለእርሷ ከማውጣት ለብረት መሸጥ ይሻላል። በሌላ ከተማ ያሉት ልጆቻቸውም ስልክ ደውለው ይህንኑ መከሯቸው።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ የከተማው ሽማግሌዎች በመስጂዱ ግቢ ለዳኝነት ተቀመጡ። አወልን ጠየቁት። እርሱም ክፋት ሳይኖርበት፣ መርፌዋ ከፍ ስትል የቆመ ሰው ሞተር እንደማያቃጥል መሰከረ። ይማም ምንም አልካደም። መርፌዋን አይቻለሁ፣ እያወቅሁ ነዳሁ አለ። ሽማግሌዎቹም ሕይወት ለማዳን ያደረገውን ባያወግዙም፣ የተዋሰውን ያጠፋ ይካስ ብለው ፈረዱ። የይማም ሀብት ያው አንድ በሬ ነው። በሬውን አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገባ። ሐጂ ጦይብ ግን እስከ ማክሰኞ እንዲታገሷቸው ብቻ ጠይቀው ተነሡ።

ሦስቱን ቀን ይማም እንቅልፍ አልነበረውም። የሚያስጨንቀው በሬው ብቻ አልነበረም። የሐጂ ዝምታ ከፍርዱ ይልቅ ከበደው፤ ተቀይመውኛል ብሎ አሰበ፤ መስጂድም ሲሄድ ከኋላ ሰፍ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ተደብቆ ይሰግድ ጀመር።

ማክሰኞ ከዐስር ሰላት በኋላ በሬውን እየሳበ ግቢው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። ሐጂ ጦይብ ዘግየት ብለው መጡና ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ጥቁር የጎማ ቱቦ አውጥተው መሐል ላይ አኖሯት። ቱቦዋ ተሰንጥቃለች፤ ስንጥቋም በጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ተጠምጥማለች።

«ይህ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ውሃ የሚወስደው ነው» አሉ። «ከአወል ቤት ከተጣለበት ፈልጌ አገኘሁት። ባለፈው ወር ሲያንጠባጥብ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ ያሰርሁትም እኔ ነኝ። ነገ አስቀይረዋለሁ ስል ረሳሁት። ጁምዓ ትዝ ቢለኝ እስካገኘው ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያስታገሥኋችሁ። ለይማም ቁልፉን ስሰጥ ዐይቡን፣ ጉድለቱን፣ አልነገርሁትም። ነግሬው ቢሆን ከመነሳቱ በፊት ውሃ ይሞላ፣ ጀሪካንም ይይዝ ነበር። ፍርዳችሁ በእርሱ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው።»

አወል ቱቦዋን አገላብጦ አያትና አንገቱን ደፋ፤ ራሱ ፈትቶ ሲጥላት ልብ አላላትም ነበር። ከሐጂ በቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ይማም ግን አልተቀበለም። «ሐጂ፣ መርፌዋን ያየሁት እኔ ነኝ» አለ። «መቆም ስችል አልቆምሁም።»

«ልጄ፣ ብትቆም ኖሮ ዛሬ ለጀናዛ ነበር የምንሰበሰበው» አሉት። «በሬህን ይዘህ ቤትህ ግባ። የልጅህንም ስም ንገረን፤ እስካሁን የጠየቀህ የለም።»

ይማም የዚያን ጊዜ አለቀሰ። ስሟ ሐሊማ መሆኑንም ተናገረ።

የቀረው የመኪናዋ ጉዳይ ነበር። ሐጂ በመስኮታቸው ዳገቱን ሲያዩ ሰንብተዋል። መኪናዋ ከተሸጠች ነገ ምጥ የሚጠናባት ሴት በቃሬዛ ያንን ሸለቆ መሻገሯ ነው። ለቤታቸው ጣሪያ ማደሻ ያቆዩትን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሸጡ፤ አወልንም ሥራውን እንዲጀምር አዘዙት። ይማም የእኔ ድርሻ ይኑርበት ብሎ ቢለምን፣ ቴስታታውን ይዞ ትልቁ ከተማ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት እንዲያስተካክል ፈቀዱለት። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወሰደው፤ እንደዚያው አድርጎ መለሰው። መኪናዋ በተጠገነች በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከዛፍ የወደቀ ሰው ይዛ ዳገቱን ወጣች። ሐጂም ያንን ክረምት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣ ሳፋ ደርድረው አሳለፉት።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሊወስድ የመጣን ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ በሩ ላይ ያዝ ያደርጉት ነበር። ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል፣ ሁለተኛው ማርሽ ይሾልካል፣ ዳገት ከመጀመርህ በፊት ውሃዋን እይ ይሉታል። አንድ ቀን ይማም፣ ሰዉ ይህን ሁሉ ሰምቶ መኪናዋን ይንቃታል ቢላቸው፣ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉት፦

«ዕቃህን ስታውስ፣ ዐይቡንም አውሳ።»

በሽያጭ ዐይብ መደበቅ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገበያ ላይ ሚዛናችንን እንፈራለን። በስጦታና በውለታ ግን እንዘናጋለን። በነጻ ሰጥቻለሁና ምን ይጠየቅብኛል እንላለን፤ ውለታችን ያመጣው ጉዳት ሲገለጥም ተቀባዩ ላይ ጥለነው፣ የደግ ስማችንን ይዘን እንቀመጣለን። ሐጂ ጦይብ ዝም ቢሉ ኖሮ ከተማው ሁሉ መኪናቸው የተቃጠለባቸው ደግ ሰው ይላቸው ነበር፤ ከዚያ ላይ ይማምን ምሬሃለሁ ቢሉት ደግሞ ምስጋናው ይደረብላቸው ነበር። ያንን ምስጋና በሐቅ እንዳላገኙት ያውቃሉና አልፈለጉትም። ጣሪያ ያፈሳል፣ መኪናም ያረጃል። አንድ ድሃ ያለ ጥፋቱ አንገቱን ደፍቶ በኋላ ሰፍ እንዲሰግድ መተው ግን ሐጂ ጦይብ በአላህ ፊት ሊሸከሙት ያልደፈሩት ነገር ነበር።