ሄልሜት ውስጥ የተኛችው ቄብ

ተረት ብላችሁ ስሙኝ፤ እውነት ሆኖ ከተገኘም እኔ የለሁበትም።

አንድ እሑድ ስድስት ጓደኛሞች ሞተር ሳይክላቸውን አስነስተው ከአዳማ ወደ ምንጃር ገጠር ወጡ። አንዷ ወይንሸት ናት። ከቡድኑ ጋር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ በር ላይ ሆነው ሲሸኟት «ነድተሽ ትሄጃለሽ፤ ሞተርሽን አይሱዙ ላይ ጭነሽ ትመለሻለሽ» አሏት። ተቆጥተው አይደለም፤ ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነው የነገሯት። ወይንሸት ሄልሜቷን አጥልቃ ሞተሯን አስነሳች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሯን ራሷ እየነዳች ቤቷ መግባት።

ለምሳ አንድ መንደር ደርሰው እትዬ በለጥሻቸው የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አረፉ። ወይንሸት ሄልሜቷን ገልብጣ ጭድ ላይ አስቀመጠችው። በልተው ሲነሱ ሄልሜቱ ውስጥ አንዲት ቀይ ቄብ ዶሮ ተኝታለች።

«እትዬ፣ እባክዎ ያንሱልኝ።»

«ውይ ልጄ! የመጀመሪያ እንቁላሏ እኮ ነው። ዛሬ ደንግጣ ከተነሳች ሁለተኛ እዚህ ግቢ አትጥልም። እህል ይበተንላትና በገዛ እግሯ ትውጣ። እህሉ ደግሞ ጎተራ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው ደምረው ጋ ነው፣ ባለቤቴ ጋ።»

ወይንሸት ዳቦ ፈለገች። ጓደኞቿ እስከ ፍርፋሪው ጨርሰውታል። የቡድኑ መሪ ኪሩቤል ሕጉን አስታወሳት፤ ያለ ሄልሜት የሚነዳ የለም። «አስር ሰዓት ላይ አይሱዙ ያልፋል። እስከዚያ ካልተነሳች ሞተርሽ ይጫናል» አላት።

ጎተራው ካልተከፈተ እህሉ አይበተንም፤ እህሉ ካልተበተነ ቄቧ አትነሳም፤ ቄቧ ካልተነሳች ወይንሸት አትነዳም።

ጋሽ ደምረው ዋርካ ሥር ሽምግልና ተቀምጠዋል። «ቁልፉን ይስጡኝ» አለቻቸው። «አመለኛ ነው፤ ከኔ እጅ በቀር አይዞርም። እኔ ደግሞ አባባ ወልደየስ ሳይነሱ ብነሳ ነውር ነው» አሉ።

አባባ ወልደየስ የሽማግሌዎቹ ሊቀመንበር ናቸው። «ሁለቱ ሰዎች ሳይታረቁ ብነሳ፣ ወልደየስ እርቅ ረግጦ ሄደ እባላለሁ» አሏት።

ሁለቱ ካልታረቁ ሽማግሌው አይነሱም፤ ሽማግሌው ካልተነሱ ደምረው አይነሱም፤ ደምረው ካልተነሱ ጎተራው አይከፈትም፤ ጎተራው ካልተከፈተ እህሉ አይበተንም፤ እህሉ ካልተበተነ ቄቧ አትነሳም፤ ቄቧ ካልተነሳች ወይንሸት አትነዳም።

ጠበኞቹ ተክሉና ክፍሌ ናቸው። የክፍሌ በሬ የተክሉ ሽምብራ ውስጥ ገብቶ፣ ጠግቦ፣ እዚያው ተኝቷል።

«በሬው እላዩ ላይ ተኝቶ ምኑን እታረቃለሁ?» አለ ተክሉ። «እኔ ባስነሳው ደግሞ ተውኩለት ማለት ነው።»

«እኔ ባስነሳው ጥፋቱን አመንኩ ማለት ነው» አለ ክፍሌ።

በሬው ለማንም ሳያደላ ያመነዥካል። ወይንሸት ሄዳ ለመነችው፤ ጆሮውን እንኳ አላወዛወዘም።

«ይሄ በሬ ከሞተር ጩኸት በቀር የሚፈራው የለም» አሉ አባባ ወልደየስ፣ ከተቀመጡበት።

ወይንሸት ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። «በሰው ጠብ ሞተር አናስነሳም፤ ነገ ምስክር ሁኑ እንባላለን» አሏት።

ሞተር ካልጮኸ በሬው አይነሳም፤ በሬው ካልተነሳ ሁለቱ አይታረቁም፤ ሁለቱ ካልታረቁ ሽማግሌው አይነሱም፤ ሽማግሌው ካልተነሱ ደምረው አይነሱም፤ ደምረው ካልተነሱ ጎተራው አይከፈትም፤ ጎተራው ካልተከፈተ እህሉ አይበተንም፤ እህሉ ካልተበተነ ቄቧ አትነሳም፤ ቄቧ ካልተነሳች ወይንሸት አትነዳም።

ከሩቅ የአይሱዙ ጥሩምባ ተሰማ። ወይንሸት እንባዋ መጣ። ከዚያ የራሷን ሞተር በእጇ መግፋት ጀመረች።

«ያለ ሄልሜት አትነጂም!» አለ ኪሩቤል።

«ማን ሊነዳ? ላስጮኸው ነው።»

እስከ ማሳው ዳር ገፋችው። ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተክላ አስነሳችና ነዳጅ ሰጠችው። ሞተሩ ጮኸ፤ በሬው ተነሳ፤ በሬው ሲነሳ ሁለቱ ታረቁ፣ ያስነሳው አንዳቸውም አይደሉማ፤ ሁለቱ ሲታረቁ ሽማግሌው ተነሱ፣ መርቀው ነው የተነሱት፣ ምርቃቱም አጭር አልነበረም፤ ሽማግሌው ሲነሱ ደምረው ተነሱ፤ ደምረው ሲነሱ ጎተራው ተከፈተ፤ ጎተራው ሲከፈት እህሉ ተበተነ፤ እህሉ ሲበተን ቄቧ ተነሳች።

የአይሱዙው ሾፌር ደጅ ላይ ቆሞ «የሚጫነው የቱ ነው?» አለ።

«የለም፤ ሂድ» አለችው ወይንሸት።

ሄልሜቱ ውስጥ አንድ ትንሽ እንቁላል ቀርቷል። እትዬ በለጥሻቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። «ያንቺም የሷም የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ውሰጂው» አሏት።

አመሻሽ ላይ አባቷ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሯን አንድ ጊዜ ዞረው አዩ።

«አይሱዙው የት አወረደሽ?»

ወይንሸት ሄልሜቷን አወለቀች፤ ፀጉሯ ላይ ቀይ ላባ አለ። እንቁላሉን ከኪሷ አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። አባቷ ወደ ፀሐይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«መንገዱ ኮረኮንች አልነበረም?»

«ነበር።»

እንቁላሉን መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«አይሱዙ ቢሆን ሰብሮት ነበር» አሉና በሩን በሁለቱም በኩል ወለል አድርገው ከፈቱላት። ወይንሸት ሞተሯን እየነዳች ገባች፤ ተረቴም ተከትሏት ገባ።