ከግራሩ ቅርንጫፍ በላይ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራላችሁ ነፋስና ምስጥ፣ ኤሊና አይጥ ባንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው። ከቀደሙት አፍ ወደ እኔ ደርሷል፤ ከእኔም ወደ እናንተ ይለፍ።

በአንድ ቆላ አገር፣ በወንዝ ዳር፣ ሰፊ ሜዳ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላና ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። መሀል ላይ ግን ጎርፍ የማይደርስበት አንድ ጉብታ አለ። በጉብታው ላይ ትልቅ ግራር ቆሟል፤ በግራሩ ዙሪያ ደግሞ ምስጦች የገነቧቸው ሦስት ኩይሳዎች አሉ። በየኩይሳው አንዲት ንግሥት ትኖራለች። የአንዷ ስም እመት ድንቄ፣ የሁለተኛዋ እመት ወርቂት፣ የሦስተኛዋ እመት ጸዳሉ ነው።

በጉብታው ላይ አንድ የቆየ ሕግ ነበር። «ማንም ከግራሩ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ በላይ አይገንባ» ይላል። ሕጉን ያወጡት ነፋስና የአገሩ ሽማግሌ አባ ኤሊ ናቸው። ኩይሳዎቹ ከዚያ በላይ ከረዘሙ ነፋስ መንገዱ ይጠበዋል፤ ነፋስ መንገዱ ከጠበበው የሣሩ ዘር እንደ ልብ አይበተንም።

ንግሥቶቹ ሕጉን አይወዱትም። ኩይሳ በረዘመ ቁጥር ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ባጠረ ቁጥር ሙቀቱ ይታፈንና እንቁላል ይበላሻል። ስለዚህ ጠዋትም ማታም ሽቅብ እያዩ፣ «ምነው ትንሽ ከፍ ብንል! ምነው ትንሽ ከፍ ብንል!» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ወንዙ ገንፍሎ በሜዳው ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ሞላው። የጃርት ቤት ጠፋ። የእንሽላሊት ቤት ጠፋ። የእመት አይጥ ቤት ጠፋ። እመት አይጥ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያንጠለጠለች ወደ ጉብታው አወጣች። ሁሉንም ግን አላደረሰችም።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ መሬቱ በሙሉ በኩይሳና በግራር ሥር ተይዟል። መቆፈሪያ የሚሆን ቦታ የለም። ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል። ከታች ውሃ ይጮኻል።

እመት አይጥ ወደ እመት ድንቄ ሄዳ አንኳኳች። «እመቤቴ፣ ልጆቼን የማስጠጋበት ጥግ ይስጡኝ።»

«ያሳዝናል» አለች እመት ድንቄ፤ «ግን ለራሴም ጠቦኛል።»

ወደ እመት ወርቂት ሄደች። «እመቤቴ፣ ልጆቼን የማስጠጋበት ጥግ ይስጡኝ።»

«ያሳዝናል፤ ግን ለራሴም ጠቦኛል።»

ወደ እመት ጸዳሉ ሄደች። እመት ጸዳሉ «ጠቦኛል» እንኳን አላለችም።

ይህን የሰማ አያ አንበሶ እያገሳ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ኩይሳ ያለው ሁሉ ለቤት አልባ በሩን ይክፈት! ያልከፈተ ቤቱ በመዳፌ ይፈርሳል!» አለ። ንግሥቶቹ ፈሩ። ፈርተው ግን በር አልከፈቱም፤ ሥራ አቆሙ። «ነገ ለሚቀሙን ቤት ለምን እንለፋለን?» ተባባሉ። የተሰነጠቀው ግድግዳ ሳይጠገን ቀረ፤ ዝናቡ ከላይ እየሸረሸረው ወረደ። አያ አንበሶም አደኑን ተከትሎ ሄደ፤ ያዘዘውንም ረሳው። እመት አይጥና ልጆቿ እዚያው ሣር ሥር ቀሩ።

ያን ጊዜ አባ ኤሊ ቀስ እያሉ ወጡ። መጀመሪያ ንግሥቶቹን፣ «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ከፍታ» አሉ ንግሥቶቹ።

እመት አይጥን ጠየቁ። «ምን ጎደለሽ?»

«በር ያለው ደረቅ ክፍል» አለች።

አባ ኤሊ ቀጥለው ነፋስን ጠሩ። «ወዳጄ፣ ከቅርንጫፉ በላይ ካለው መንገድህ ትንሽ ትለቅልናለህ?»

«ለማን ብዬ?» አለ ነፋስ። «ለንግሥቶቹ ምቾት ከሆነ አንዲት ስንዝር አልለቅም። ያ ቦታ የእኔ ብቻ አይደለም። የሣሩም ነው፣ የአበባውም ነው፣ የወፉም ነው።»

«እኔም የጠራሁህ ለዚያ ነው» አሉ አባ ኤሊ። «የሁሉ የሆነ ነገር ከተሰጠ፣ መልሶ ለሌላውም መትረፍ አለበት። ንግሥቶቹ ከታች ለቤት አልባ ክፍል ይክፈቱ፤ በከፈቱት ልክ ከላይ ይጨምሩ። መክፈት የማትፈልግ በቀድሞው ሕግ ትኑር፤ ማንም አያስገድዳትም።»

ነፋስ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። እመት አይጥ ልጆቿን በገላዋ ጋርዳ ተኮራምታ አያት። ተመልሶም፣ «ለእነሱ ከሆነ እለቃለሁ» አለ።

አዲሱ ሕግ በግራሩ ሥር ተነገረ። እመት ጸዳሉ፣ «እኔ እንዳለሁ እኖራለሁ» አለች፤ እንዳለችም ኖረች። እመት ድንቄና እመት ወርቂት ግን ምስጦቻቸውን አሰማሩ። ከታች ክፍል ይከፈታል፣ ከላይ ግንብ ይጨመራል። ከታች ክፍል ይከፈታል፣ ከላይ ግንብ ይጨመራል። ሁለቱ ኩይሳዎች ቅርንጫፉን አልፈው ወጡ። ውስጣቸው ቀዘቀዘ፤ እንቁላሎቹ ዳኑ።

ጃርትና እንሽላሊት በእመት ድንቄ ቤት ገቡ። እመት አይጥ በእመት ወርቂት ቤት ገባች። የመጨረሻ ልጇ ሚጢጢ ደረቁን ወለል በእግሯ እየዳበሰች፣ «እማ፣ እዚህ ውሃ አይመጣም?» አለች።

«አይመጣም።»

«ጭልፊትስ?»

«አይመጣም።»

«እንግዲያው መተኛት ይቻላል ማለት ነው» አለችና እዚያው በቆመችበት ተኛች።

በጋው ገባ። የኩይሳዎቹ ጭቃ ደረቀ፤ ጠነከረ። እመት ወርቂት ከላይ ሆና ሜዳውን ስታይ፣ ከታች የልጆች ሩጫና ጫጫታ ይሰማታል። «ከፍታውን አግኝቻለሁ» አለች በልቧ። «አሁን ማን ይወስድብኛል? እነዚያ ክፍሎች ለእህል ማስቀመጫ ይሆኑኝ ነበር።»

ወርዳ እመት አይጥን፣ «ግድግዳው ሊጠገን ነው። ለጥቂት ጊዜ ወጣ በሉልኝ» አለቻት።

እመት አይጥ አመነቻት። ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ ከደጃፉ አጠገብ ከሣር ዳስ ሠራች። ምስጦቹም ክፍሉን እህል ሞሉት፤ በሩንም በጭቃ ደፈኑት።

«እመቤቴ፣ ጥገናው አላለቀም?» ትላለች እመት አይጥ።

«ነገ።»

በማግሥቱም ትመጣለች። «አላለቀም?»

«ነገ አልኩሽ እኮ!»

እመት ድንቄ ዘንድ እንዳትሄድ ቤቱ ሞልቷል። አባ ኤሊ ዘንድ እንዳትሄድ አባ ኤሊ ራቅ ወዳለ አገር ለሽምግልና ወርደዋል። ነገ፣ ነገ እየተባለ ደመናው ተመልሶ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። የሣሩን ዳስ ባንድ ጊዜ ከመሬት አጣበቀው። እመት አይጥ ልጆቿን ሰብስባ የተደፈነውን በር በጥፍሯ ቧጠጠችው።

«ክፈቱልኝ! ልጆቼ አለቁ! ክፈቱልኝ!»

ከውስጥ እመት ወርቂት ሰምታለች። «ጭቃው ደርቋል፤ ቶሎ አይከፈትም። ትንሽ ታገሺ፣ ያባራል» አለች።

ጩኸቷን የሰማው ጃርት ነው። እሾኹን ወደ ላይ ነስንሶ ከእመት ድንቄ ቤት ወጣ፤ ልጆቹን ከሆዱ በታች አድርጎ በበረዶው መሀል አሻገራቸው። እመት ድንቄ የራሷን ምስጦች ወደ ላይ ወስዳ ቦታ ለቀቀችላቸው። እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወለሉን ተወላቸው። እመት አይጥ ልጆቿን በየተራ አሸተተች። ሚጢጢን ስታሸት ቀዝቅዛለች። እስኪመሽ ስትልሳት ቆየች። ሚጢጢ አልነቃችም።

አባ ኤሊ ወሬው ደርሷቸው ተመለሱ። በግራሩ ሥር ሁሉም ተሰበሰበ።

«ወርቂት፣ ምን ትያለሽ?» አሉ።

«ሕጉ ክፍል ክፈቱ አለ፤ ከፈትኩ» አለች እመት ወርቂት። «እስከ መቼ ክፍት ይሁን አላለም።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ቆይተው አወጡት። «እውነት ነው፤ አላለም» አሉ። «በሁላችን ልብ ያለውን ነገር ሕጉ ላይ መጻፍ አያስፈልግም ብዬ ነበር።»

ነፋስ ግን አልታገሠም። «መንገዴን የለቀቅሁት ለዚህ ነው? እጥለዋለሁ! ከሥሩ ነቅዬ እጥለዋለሁ!» ብሎ ተነሣ። ግራሩ ተወዛወዘ። ከኩይሳው አናት አፈር ይረግፍ ጀመር። ውስጥ ያሉት ምስጦች ጮኹ።

«ቆይ!» አሉ አባ ኤሊ። ወደ እመት አይጥ ዞሩ። «የሞተችው ያንቺ ናት። ቃሉ ያንቺ ይሁን። ይውደቅ?»

እመት አይጥ በሕዝቡ ዳር ቆመው የሚጠብቁትን አየች። ካለፈው በረዶ የተረፉ፣ ገና ቤት ያላገኙ፣ ድርጭት ከነጫጩቶቿ፣ ጥንቸል ከነልጆቿ።

«ቢወድቅ ልጄ አትነሣም» አለች። «ቢወድቅ እነዚህ የሚገቡበት ይጠፋል። አይውደቅ።» ከዚያ ወደ እመት ወርቂት ዞረች፤ እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ትላት የነበረችውን፣ «አንቺ» አለቻት። «አንቺ፣ ያ ከፍታ ያንቺ አይደለም። በእኔና በልጆቼ ስም የተሰጠሽ ነው። ስሙን ወስደሽ እኛን ማስወጣት አትችዪም። እህልሽን አውጪ፤ በሩን ክፈቺ፤ ዳግመኛም የሚዘጋበት ጭቃ በደጃፉ አይቀመጥ።»

እመት ወርቂት፣ «ይቅር በይኝ» አለች።

«እሱን ሌላ ቀን እናወራለን» አለች እመት አይጥ። «አሁን በሩን ክፈቺ።»

ነፋስ ተቀመጠ። አባ ኤሊም የጎደለውን ቃል በሕጉ ላይ ጨመሩ። «ከቅርንጫፉ በላይ ያለው ግንብ እስከቆመ ድረስ፣ ከታች ያለው በር ክፍት ይሁን። ኩይሳው ከንግሥት ወደ ንግሥት ቢተላለፍም ክፍት ይሁን።» ሁሉም እየተቀባበለ ደገመው።

እመት ወርቂት ለምስጦቿ አልተወችውም፤ ራሷ ወርዳ ጭቃውን በአፏ ቦረቦረች። ጭቃው ጠንክሮ ነበር፤ እስኪከፈት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘቀዘቀች። በሩ ሲከፈት ድርጭት ከነጫጩቶቿ ገባች። ጥንቸል ከነልጆቿ ገባች። የእመት አይጥ የቀሩት ልጆች ገቡ። እሷ ግን ወዲያው አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

ልጆቼ፣ ሰማይ የማንም ግቢ አይደለም። ከሰማዩ ተቆርሶ የተሰጠው፣ ከታች በሩን ክፍት አድርጎ ይኑር። እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል፤ እናንተ ለሌላ ንገሩ።