ለጫኔ ስጡልኝ

ያኔ፣ ደኑ ሳይመነጠር፣ በየዛፉ ቀፎ ሲንጠለጠል፣ ማር እንደ ውሃ ረክሶ ሳለ፣ ጫኔ የሚባል ልብስ አጣቢ ነበረ አሉ። ደሃ ነበረ። ቢመጣ ማን መጣ፣ ቢሄድ ማን ሄደ የማይሉት ሰው ነበረ። የአገሩን ልብስ በእንዶድ እያጠበ፣ ወንዝ ዳር ሣር ላይ እያሰጣ ይኖር ነበር።

የአገሩ ገዥ ግራዝማች አድማሱ ታመሙ። ይጠማቸዋል፤ ይጠጣሉ፤ ይሸናሉ፤ ደግሞ ይጠማቸዋል። ያ በር የሚሞላ ሰውነት አልቆ ልብሳቸው ብቻውን የሚሄድ መሰለ። በዚያ አገር ማር የሁሉ መድኃኒት ነውና፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ብርዝ ያጠጧቸው ጀመር። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" ይላሉ። ግራዝማች ይጠጣሉ። ይብስባቸዋል። ስለባሰባቸው ይጨመርላቸዋል።

አንድ ቀን ጫኔ የግራዝማችን ሱሪ ሣር ላይ ጣል አድርጎ እንዶዱን ሲወቅጥ፣ ጉንዳን ሱሪውን ወረረው። አጋፋሪው አየ።

"አንተ ሌባ! የጌታን ማር ሰርቀህ በጌታ ሱሪ ቋጠርክ?" ብሎ እየጎተተ ሸንጎ አቀረበው።

ጅራፍ ተፈረደበት። "እውነቱን እስካመጣ ቀጠሮ ይሰጠኝ" ብሎ ለመነ። ዋስ ጥራ ቢሉት የሚዋሰው ጠፋ። "እንግዲያው ጉንዳኖቹ ዋሶቼ ይሁኑ" አለ። ሸንጎው ሳቀ። ግራዝማችም ሳቁ። ያሳቀን ሰው ወዲያው መግረፍ ነውር ነውና ቀጠሮ ሰጡት።

ጫኔም ምርመራ ጀመረ። የራሱን ያልታጠበ ሱሪ ጉንዳን ቤት አጠገብ አነጠፈ፤ ረግጠውት አለፉ። የቄሱን አነጠፈ፤ አለፉ። የአጋፋሪውን አነጠፈ፤ ሸሹ። አልጋ የያዙትን የእማማ ስንዱን ቀሚስ ሲያነጥፍ ግን ከበቡት።

ቤታቸው ሄደ። "እማማ፣ ውሃ ጥም ያስቸግርዎታል?"

"ምን ልንገርህ ልጄ፣ ወንዙን ብጨልጠው አይቆርጥልኝ" አሉት፤ ብርዛቸውን እየጠጡ።

ጫኔ ነገሩ ገባው። ማሩ ከሱሪው አይደለም፤ ከሰውየው ነው። ለማረጋገጥ ሽንቱን ቀመሰው ይባላል። ስንት ጊዜ እንደቀመሰ አይነገርም፤ እኛም አንጠይቅም። እማማ ስንዱን ለምኖ ብርዙን አስተዋቸው፤ ጎመንና ሽምብራ እየበሉ ሰነበቱ። ጉንዳኖቹ ከቀሚሳቸው ራቁ። እማማ ስንዱም ከአልጋ ተነስተው ከጎረቤት ጋር መጣላት ጀመሩ፤ በዚህ መሻላቸው ታወቀ።

ቀጠሮው ደረሰ። ጫኔ ሸንጎ ፊት ቆመ። ዝም ቢል ይገረፋል። ቢናገር ምን እንደሚጠብቀው እግዜር ያውቃል። ግራዝማች ግን እየሞቱ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በክፉው ዘመን ጎተራቸውን ለደሃ የከፈቱ ሰው ናቸው። ጫኔ ይወዳቸው ነበር።

"ጌታዬ" አለ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ማሩ ያለው በእርስዎ ውስጥ ነው። ጉንዳን ቤቱ አጠገብ ይሽኑና ዋሶቼ ይመስክሩ።"

አጋፋሪው ጅራፉን አነሳ። ግራዝማች ግን ሽንታቸው ወጥሯቸው ነበርና ለመቆጣት ጊዜ አልነበራቸውም። አሽከሮች በኩታ ጋረዷቸው። ሽማግሌዎች ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት እንደቆዩ ጉንዳኖቹ ተሰልፈው መጡ።

ግራዝማች ቆመው አዩ። "እኔ ማሩን የምጠጣ መስሎኝ" አሉ፤ "ለካ እሱ ሲጠጣኝ ኖሯል!"

ብርዙ ቀረ። ጎመንና ሽምብራው ገባ። የሚቀመጡባት በቅሎ ከጭነት አረፈች፤ ግራዝማች በእግራቸው ወንዝ ይወርዱ ጀመር። ፈጽመው አልዳኑም። ተደብቀው ዋንጫ የቀመሱ ዕለት ጉንዳኖቹ ያሳብቁባቸዋል። ግን ሥጋ መለሱ፤ ልጃቸውን እስኪድሩ ኖሩ።

በሠርጉ ቀን ወይዘሮ አትጠገብ ብርዝ ሞልተው አቀረቡ። "የልጅህ ሠርግ ነው፤ በሞቴ!" አሉ። ድንኳኑ ሁሉ አብሮ ለመነ። ግራዝማች ዋንጫውን አነሱ። ጫኔ ከበሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ግራዝማች አዩትና ዋንጫውን መለሱ።

"ለጫኔ ስጡልኝ" አሉ። "ማሩን እሱ ይጠጣልኝ፤ ዕድሜውን እኔ ልኑረው።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ የዚያን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ በቃኝ ቢል አይሰማም፤ ጠገብኩ ቢል ያኮርፋል፤ ታምሜያለሁ ቢል ይኸው መድኃኒቱ ይላል። "ለጫኔ ስጡልኝ" ያለ እንደሆነ ግን በሞቴ ማለት ይቀራል። አስተናጋጇ ዋንጫውን ታነሳና ውሃ ታመጣለታለች።