ዛጎሏ የተሸከመችው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራውን ከባሕር ወለል የሚለቅም። ምጽዋ አካባቢ በትንሽ ጀልባ ይወጣል፣ ወገቡን በገመድ ይታሰራል፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቃል፤ ዛጎል ለቅሞ ይመለሳል። ስሙ ዘርኡ ነው።

የገመዱን ሌላ ጫፍ የምትይዝለት ታላቅ እኅቱ ስላስ ናት። በልጅነቷ ታማ አንድ እግሯ ሰልሏል። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ከእርሱ በቀር ሰው የላትም። አዝሎ ጀልባ ውስጥ ያስገባታል፤ አዝሎ ያወጣታል። ቤት ሲከራይ «እኅቴም አለች» ይላል። ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክም «እኅቴም አለች» ይላል። ሁለት ጊዜ ላከ፤ ሁለቴም አልሆነለትም።

ወገኖቼ፣ ዘርኡ ክፉ ሰው አልነበረም። ደከመው እንጂ። የሚወዱትን ሰው ተሸክሞ መድከምን ታውቁታላችሁ አይደል?

ክፍሎም የሚባል ጓደኛው ከአሰብ ወደ ሩቅ አገር በሚሄድ መርከብ ላይ ሥራ አገኘለት።

«ብቻህን ከሆንክ ነገ እንነሳለን» አለው። «እርሷን ለጎረቤት ተዋት፤ ሜዳ ላይ አይጥሏትም። ዕድሜ ልክህን ተለጥፋብህ ልትኖር ነው እንዴ?»

ዘርኡ እሺ አለ። ለስላስ ግን ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከጉዞው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠልቅ፣ እንደ ወትሮው አዝሏት ወጡ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ነፋሱ ነው» አላትና ዓይኗን ሳያይ ዘለለ።

ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ወለሉ ላይ፣ በቋጥኞች መካከል፣ ሁለት ዛጎሎች አየ። ባዶ ቅርፊት አይደሉም፤ ሁለት ክዳናቸውን እየከፈቱና እየገጠሙ የሚኖሩ ሕያዋን ናቸው። አንደኛው ንጹሕ ነው፤ ገበያ የሚወደው ዓይነት። የሁለተኛዋ ጀርባ ግን ጭራሽ አይታይም። ስፖንጅ የሚባል ልስልስ ብርቱካናማ የባሕር ፍጥረት ሸፍኗታል፤ በዳር በዳሯ የባሕር ትሎች ከኖራ የተሠራ የሚመስል ቀጫጭን ቱቦ ሠርተው ተጣብቀውባታል። ባሕር ውስጥ እንዲህ ነው፤ ማረፊያ ያጣ ፍጥረት ዛጎል ጀርባ ላይ ቤቱን ይሠራል። እርሷም ይዛቸው ትኖራለች።

«አንቺም እንደ እኔው» አለ ዘርኡ በልቡ።

ወዲያው የባሕር ኮከብ መጣ። ይህ ፍጥረት በአምስት ክንዱ ዛጎል አቅፎ፣ ክዳኑን ፈልቅቆ የሚበላ ነው። መጀመሪያ የተሸፈነችው ላይ ወጣ። ሊይዛት ሞከረ፤ ስፖንጁ አላስጨብጥ አለው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተንሸራተተ። ትቷት ወደ ንጹሑ ዞረ። ንጹሑ ክዳኑን እያርገበገበ ዋኝቶ ሊሸሽ ቢሞክርም ቋጥኙ ዘጋበት። ኮከቡ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ክዳኑ ቀስ በቀስ መከፈት ጀመረ።

ዘርኡ ማየቱን አበዛ። ትንፋሹ ማለቁን ሲያውቅ ደንግጦ ወለሉን በኃይል ረገጠ። የረገጠው ድንጋይ ተንከባለለ፤ እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ጎተተው፤ አልወጣም። ደረቱ ተቃጠለ፤ ጆሮው ውስጥ የገዛ ልቡ ይደልቅ ጀመር። ገመዱን ሳበ። ደጋግሞ ሳበ።

ላይ ያለችው ማን ናት? ጥሏት ሊሄድ የቆረጠባት ናት። ያውም መቆም የማትችል ሴት!

ስላስ ገመዱን በወገቧ ጠመጠመች። ደህናውን እግሯን በጀልባው ግድግዳ ላይ አስደግፋ በጀርባዋ ተለጠጠች። ጀልባዋ አጋደለች፤ ውሃ ገባ። ገመዱ መዳፏን ላጠው። አልለቀቀችም። «ወንድሜ! ወንድሜን!» እያለች ትጮኻለች፤ የሚሰማት ሰው የለም። እንደገና ተለጠጠች። የዘርኡ እግር ቆዳው ተገፎ ወጣ።

አንገቱን ይዛ ወደ ጀልባው ጎተተችው። ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው ቆየና ትንፋሹ ሲመለስ እጆቿን አየ። ደም በደም ናቸው። ያን ጊዜ መደበቅ አቃተው።

«ስላስ፣ እኔ ዛሬ ልሄድ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ክፍሎም ትናንት ጎረቤታችንን አደራ ሲላት ሰምቻለሁ።»

«አውቀሽ ነው የያዝሽኝ?»

ስላስ ጥያቄው አልገባትም። «ታዲያ ልልቀቅህ?» አለችው።

ክፍሎም ብቻውን ሄደ። ዘርኡ ቀረ።

ወገኖቼ፣ በእናንተስ ላይ የተጣበቀው ማን ነው? አእምሮዋ የታወከ እናት ናት? ሥራ አጥቶ ሳሎናችሁ ውስጥ የሚተኛው ወንድም ነው? «እርሱ ባይኖር ኖሮ» ያላችሁበት ቀን የለም? ያ ሸክም ያላያችሁትን ስንት ክንድ ከላያችሁ አንሸራትቶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ግን ደግሞ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። «እንግዲያው አንድ ቀን ስለሚጠቅመኝ ላቆየው» ብላችሁ እንዳትወጡ። ስላስ ክንዷም የሰለለ ቢሆንስ ኖሮ? ገመድ መሳብ ባትችልስ? እኅትነቷ ይቀር ነበር? እርሷ ስትጎትተው ውለታ አልቆጠረችም፤ ሊጥላት እንደሆነ እያወቀች ነው የጎተተችው። እናንተም ሳትቆጥሩ ያዙ።

በየቤታችሁ፣ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ድምፁን የቀነሰ ሰው አለ። ሳይጠግብ «ጠገብኩ» ብሎ ከማዕድ የሚነሳ። ሲያመው የማይናገር። ዛሬ ምሳ ላይ ያ ሰው ሊነሳ ሲል እጁን ያዙት። «ተቀመጥ፣ ገና አልበላንም» በሉት።