የአራተኛው ቀን ድንኳን

አንድ ድንጋይ ጠራቢ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ምትኩ ነው። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ወልዳ በአርባ ቀኗ አረፈች። እሱም ከትልቋ ልጁ ከእመቤትና ከሕፃኑ ከይታገሱ ጋር ቀረ።

ምትኩ ጎህ ሲቀድ ወደ ድንጋይ ካባው ይወጣል። እመቤትን አፀደ ሕፃናት ያደርሳታል። ሕፃኑን በየተራ ጎረቤት ጋ ያስቀምጠዋል። ሲመለስ ያገኘውን ያበላቸዋል። እንዲህ ሲሉ አንድ ዓመት አለፈ።

እመቤት አራት ዓመት ሲሞላት መክሳት ጀመረች። ከዚያ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። የቀረ ሰው አልነበረም።

በሠልስቱ ዕለት ሦስት ሰዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዷ የእመቤት መምህርት ናት። ሁለተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናትን የምትከታተል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሦስተኛው በቀበሌው የሕፃናትን ጉዳይ የያዘ ሹም ነው። ሦስቱም ለአንድ ከተማ ልጆች ይሠራሉ። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

መምህርቷ በቀስታ ተናገረች። «ቁርስ ሳትበላ ነበር የምትመጣው። ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ለቀበሌ ጽፌ ነበር።»

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል» አለ ሹሙ። «የጤና ጉዳይ ስለሆነ ለሚመለከተው ክፍል መራሁት።»

«እኔ ጋ ምንም አልደረሰም» አለች ነርሷ። «ጎረቤት ቤት አግኝቻት ክንዷን ለክቻት ነበር። መለኪያው የክሳት ምልክት የሆነው ቢጫው ላይ ሲቆም እናትሽን ይዘሽ ነይ ብዬ ቀጠርኳት።»

«እናት እኮ የላትም!» አለ ሹሙ። «የሟች መዝገብ ላይ ራሴ ነኝ የጻፍኳት።»

«ታዲያ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

 ከኋላቸው ንፍሮ ያዞሩ የነበሩት ጎረቤቷ እትዬ አልጋነሽ ጣልቃ ገቡ።

«ለንፍሮው ሲሆን ደብዳቤ የጠየቀ አላየሁም» አሉ። «ሁላችሁም በእግራችሁ ነው የመጣችሁት።»

ምትኩ ይሰማ ነበር። ተነሥቶ መጣ። ሰዎች ሊጮህ ነው ብለው ፈሩ። አልጮኸም።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። «ገላዋን ሳጥብ አጥንቷ እጄን ይነካኝ ነበር። የማንን ደጅ እንደማንኳኳ ግን አላወቅሁም።»

ከዚያ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ቢተው ዞረ።

«ጋሽዬ፣ ድንኳኑን ለሦስት ቀን ተክላችሁልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀን ጨምሩልኝ።»

«ለምን ልጄ? ሠልስቱ ዛሬ ያበቃል።»

«ወንዱ ልጄ በሕይወት አለ። እሱም ከስቷል። እነዚህ ሰዎች እንደዛሬው አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ እሱ ይነጋገሩልኝ።»

ጋሽ ቢተው ደነገጡ። «ድንኳን ለሙት ነው። በሕይወት ላለ ልጅ መትከል ሟርት ነው። የእድሩ ደንብም አይፈቅድም።»

«እመቤትን የወሰዳት ሟርት አይደለም፣ ጋሽዬ።»

 ሽማግሌው ድንኳን ሊነቅሉ ለመጡት ጎረምሶች እጃቸውን አነሡ። «ተዉት። ነገ ይዋል።»

በአራተኛው ቀን በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ይቆም ነበር።

«ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም» ይላሉ እትዬ አልጋነሽ። «እንዳይሞት ነው የተቀመጥነው። ግባና ጎንህን አሳርፍ፤ ወይ መንገድህን ቀጥል።»

ነርሷ የይታገሱን ክንድ ለካች። ቢጫው ላይ ቆመ። መምህርቷ ፊቷን አዞረች።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጤና ጣቢያው በደብዳቤ ቢያሳውቀኝ…»

«አጠገብህ ተቀምጣ የለም እንዴ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «አፍ የለህም?»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ምትኩም ፈገግ አለ። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ሹሙ ራሱም ሳቀና ወደ ነርሷ ዞረ። በአፉ ጠየቃት። በአፏ መለሰችለት።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነገሩ አለቀ። ነርሷ ለሕፃኑ አልሚ ምግብ ልትሰጥና በየሳምንቱ ልትመዝነው ተስማማች። እትዬ አልጋነሽ ቀን ቀን ሊይዙት፣ መምህርቷ ከትምህርት ስትወጣ እየገባች ልታየው ወሰኑ። ሹሙ ምትኩን ይዞ በከተማው ውስጥ የሚሠራ ግንበኛ ጋ አስቀጠረው፤ ለምሳ ቤቱ መድረስ እንዲችል። ማንም አዲስ ሥራ አልጀመረም። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ነው የሠራው፤ የሌላውን እያወቀ።

በሁለተኛው ወር የይታገሱ ክንድ አረንጓዴው ላይ ደረሰ። በአራተኛው ወር መቆም ጀመረ።

ሦስቱ ሰዎችም መቀመጣቸውን አልተዉም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይገናኛሉ። አንዱ ያየውን ለሌላው ይናገራል። አንድ ልጅ ከክፍል ሁለት ቀን ከቀረ፣ በሦስተኛው ቀን የሆነ ሰው በሩ ላይ ይደርሳል። ያኔ ነገሩ ገና ትንሽ ነው። አንዳንዴ ደብተር የጠፋበት ልጅ ይሆናል። አንዳንዴ የታመመች እናት። ትንሽ ሳለ በትንሽ ነገር ይመለሳል።

ይታገሱ ሦስት ዓመት የሞላው ቀን ምትኩ ሦስቱን ቤቱ ጠራቸው። ልጁ በእንግዶቹ እግር መሃል ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ይስቃል። መምህርቷ ስታየው አለቀሰች።

«ይቅር በለን» አለችው። «ዘግይተን ነው የመጣነው።»

ምትኩ ልጁን አንሥቶ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠላት።

«ለእሷ ዘግይታችኋል» አለ። «ለእሱ ደርሳችኋል። የመጀመሪያው ያመኛል። ለሁለተኛው በየቀኑ አመሰግናችኋለሁ። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።»

ወዳጄ፣ ብዙ ልጅ የሚታጣው ያየው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ያዩት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቀርተው ነው። አንዱ ረኀቡን ያያል፣ ሌላው ክሳቱን፣ ሌላው የእናቱን አለመኖር። ሦስቱ በጊዜ ከተገናኙ ልጁ ይተርፋል። ለሐዘን የምንሮጠውን ያህል ለሕይወትም እንሩጥ። ቀድመው ለሚደርሱልን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው።

እርስዎስ በሰፈርዎ ያዩት ልጅ አለ? ያዩትን ለማን ነገሩ?